ዙፋንና ፈትዋ በሳዑዲ ዓረቢያ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ሳዑዲ ዓረቢያ በአማርኛ ከሚጻፈው ብዙው አገሪቱን የሃይማኖት ሊቃውንት እንደሚመሯት፣ ንጉሡም የእነርሱ ፈትዋ (የሃይማኖት ሕግ ብያኔ) አስፈጻሚ እንደሆኑ ያስመስላል። ታሪኩ እንደዚያ ስላልሆነ ይህን ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1744 ገደማ በሪያድ አቅራቢያ የምትገኘው የድርዒያ ከተማ ገዥ ሙሐመድ ቢን ሳዑድ ለሸይኽ ሙሐመድ ኢብን ዐብዱልወሃብ ትምህርት ከለላ ሊሰጡ፣ ሸይኹም አገዛዛቸውን ሊደግፉ ተስማሙ። ሠራዊቱና ግምጃ ቤቱ ግን ምንጊዜም በገዥው ቤተሰብ እጅ ነበሩ። ይህም ሆኖ ቤተ መንግሥቱ ዑለማዎቹን (የሃይማኖት ሊቃውንቱን) ሳይጠይቅ ሊያልፋቸው የማይደፍራቸው ጉዳዮች ነበሩ። በ1964 ንጉሥ ሳዑድ ከዙፋን እንዲወርዱ የወሰኑት ልዑላኑ ቢሆኑም፣ ውሳኔው የጸናው በዑለማዎች ፈትዋ ነው። በ1979 ታጣቂዎች የመካውን ታላቅ መስጊድ በያዙ ጊዜ፣ በዚያ ቅዱስ ስፍራ ደም ማፍሰስ የተከለከለ በመሆኑ፣ ንጉሥ ኻሊድ ጦሩ ኃይል እንዲጠቀም አስቀድመው ፈትዋ መጠየቅ ነበረባቸው። ፈቃዱ ተገኘ፤ በምላሹም መንግሥት በትምህርት ቤትና በአደባባይ ለሃይማኖት ሰዎች ሰፊ ቦታ ለቀቀ። በ1990 የአሜሪካ ጦር ሲገባም ፈትዋ አስፈልጓል።

ፈትዋው አብዛኛውን ጊዜ ቤተ መንግሥቱ የፈለገውን ይል እንደነበር አልክድም። ሆኖም የሚጠይቅ ንጉሥ እምቢታ ሊገጥመው እንደሚችል ማሰቡ ስለማይቀር፣ መጠየቁ ራሱ ልጓም ነበር።

ይህ ልጓም እየላላ ነው። በ2010 ንጉሥ ዐብዱላህ ፈትዋ የመስጠትን ሥልጣን ራሳቸው በሚሾሟቸው የታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤት አባላት ወሰኑት። በ2016 የሃይማኖት ፖሊሱ ሰው የማሰር ሥልጣኑን አጣ። በ1990 የሴቶችን መኪና መንዳት ያወገዘው የሃይማኖት አመራር፣ በ2017 ንጉሡ ሲፈቅዱ አብዛኞቹ ታላላቅ ዑለማዎች እንደማይቃወሙ ተነገረ። በ2022 ደግሞ መንግሥቱ የምሥረታ ቀኑን ከሸይኹ ጋር ከተደረገው ስምምነት በፊት ወዳለው ወደ 1727 ወሰደው፤ ይህም ዙፋኑ ከሸይኹ በፊት ነበር ብሎ እንደ ማወጅ ነው።

በሃይማኖት ፖሊሱ መዳከም አላዝንም፤ ሴቶች ያገኙትም መብት ሊነካ አይገባም። የሚያሳስበኝ ከዑለማዎቹ የተወሰደው ሥልጣን ወደ ሕዝቡ አለመሄዱ ነው። የሹራውን (የአማካሪ ምክር ቤቱን) 150 አባላት የሚሾሙት ንጉሡ ናቸው፤ በመስከረም 2017 የታሰሩትም ታዋቂ ሰባኪዎች ብቻ ሳይሆኑ ጸሐፍትና ምሁራንም ጭምር ነበሩ። ጋዜጣችሁ ይህን ለውጥ «ማሻሻያ» ብሎ ሲዘግብ፣ የተወሰደው ሥልጣን የት እንደደረሰ አብሮ እንዲጠይቅ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ