ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው ቤት፦ አትክልትን በክር ስለማጠጣት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

በቅርቡ በጋዜጣችሁ የግብርና ዐምድ ላይ፣ በበረንዳና በግቢ ጥግ በዕቃ ውስጥ ስለሚለማ አትክልት የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ዘር ስለመምረጥና ችግኝ ስለማዛወር የተሰጠው ምክር ትክክለኛ ነው። ስለ ውሃ የተጻፈው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም «ጠዋትና ማታ ውሃ ማጠጣት ያስፈልጋል» የሚል ነው። እኔ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። በሰፈሬ የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ፣ ተራው ሲደርስ ሌሊት ተነሥቶ በርሜልና ጀሪካን የሚሞላ፣ ከዚያም እስከሚቀጥለው ተራ ድረስ ያንኑ እየቆጠበ የሚያድር ቤተሰብ ብዙ ነው። እንዲህ ላለው ቤት «ጠዋትና ማታ አጠጣ» ማለት «አትትከል» ከማለት ብዙም አይርቅም።

ይህን የምለው በዓይኔ ያየሁት ነገር ስላለ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥር ወር፣ በሰፈራችን ለሚኖሩ እናቶች የቆስጣና የሰላጣ ችግኝ ከነመትከያ ዕቃው ታድሎ ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አብዛኛው ደረቀ። ኋላ በተጠራው ስብሰባ ላይ የችግኙ መድረቅ የእናቶቹ ስንፍና ተደርጎ ሲነገር ሰማሁ፤ እስከ ዛሬም ያሳዝነኛል። ከእነዚያ እናቶች መካከል ለልጆቿ ልብስ ማጠቢያ ያላገኘችውን ውሃ ለችግኙ ያፈሰሰች እንዳለች አውቃለሁና። የጎደለው ትጋት አልነበረም። ጎጃም ግሽ ዓባይ የሚፈልቅበት፣ ከጮቄ ተራራም ብዙ ወንዞች የሚወርዱበት አገር ቢሆንም፣ ዝናባችን በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የተወሰነ ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ከተማችን የበጋው ፀሐይና የመጋቢት ነፋስ በትንሽ ዕቃ ውስጥ ያለን አፈር በአንድ ቀን ያደርቁታል።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆን፣ ከማንም ቤት የማይጠፋ ነገር የሚፈልግ ዘዴ አለ። ኩራዝ እያበራን ያጠናን ሁሉ እናውቀዋለን። ጋዙ ከታች በጣሳው ውስጥ ተቀምጦ ሳለ በክሩ እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣና ነበልባሉ ዘንድ ሲደርስ ይነዳል። ይህም የሚሆነው ፈሳሽ ከክሩ ጭረቶች ጋር ስለሚጣበቅና የፈሳሹ ቅንጣቶችም እርስ በርሳቸው ስለሚሳሳቡ ነው፤ በጭረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት በጠበበ ቁጥር ፈሳሹ ከፍ ብሎ መውጣት ይችላል። ውሃም ይህንኑ ያደርጋል። የክሩ አንደኛው ጫፍ ውሃ በያዘ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ሁለተኛው ጫፍ ከላይ ባለው አፈር ውስጥ ከተቀበረ፣ አፈሩ በደረቀና ተክሉ በቅጠሉ ባተነነ መጠን ውሃው እየተተካ ይወጣል፤ ደመና ሲሆንና ተክሉ ብዙ ሳይጠጣ ሲቀር መሳቡም ይዘገያል። በኩራዙ ነበልባሉ ይሠራ የነበረውን እዚህ ቅጠሉ ይሠራዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ባለ ሁለት ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ወገቡ ላይ ይቆረጣል፤ ክዳኑ በጋለ ምስማር ይበሳና ክሩ በቀዳዳው ይሾልካል፤ ክዳኑ የተዘጋው የላይኛው ግማሽ በአፉ ተደፍቶ በታችኛው ግማሽ ውስጥ ይቀመጣል። አፈሩ ከላይ፣ ውሃው ከታች ይሆናል ማለት ነው። አንድ እግር ሰላጣ ወይም በሶብላ በዚህ ይበቃዋል። ለቆስጣና ለቃሪያ ባለ አምስት ሊትሩ የዘይት ጀሪካን በዚሁ መንገድ ቢቆረጥ ይሻላል። ባለፈው የካቲት በእንዲህ ዓይነቱ ጀሪካን የተከልኩትን ቆስጣ፣ የታችኛውን ዕቃ ከሞላሁ በኋላ ስድስት ቀን ያህል ሳልነካው ቅጠሉ አልጠወለገም። የሰፈራችን ፈረቃ ደግሞ ከዚያ ያጠረ ነው።

ስለ ክሩ ጥቂት ልናገር። የነጠላ ቁራጭም ሆነ የአሮጌ ካናቴራ ጨርቅ በመጀመሪያ ውሃን እጅግ ደህና አድርጎ ይስባል፤ ነገር ግን ጥጥ እርጥብ አፈር ውስጥ ሲቀመጥ በጥቂት ወራት ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስም ከላይ ስለማይታይ ባለቤቱ ምክንያቱን ሳያውቅ ተክሉ ይደርቅበታል። የሹራብ ክር፣ በተለይ ከሰው ሠራሽ ቃጫ የተፈተለው፣ ብዙ ጊዜ ይቆያል። አዲስ ክር ቅባት ሊኖረው ስለሚችል በሳሙና አጥቦ በደንብ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። አንዱ ክር ይስባል፣ ሌላው አይስብም፤ ይህን ለማወቅ ጫፉን ውሃ ባለበት ሲኒ ውስጥ ነክሮ ሌላውን ጫፍ ከሲኒው ውጭ አንጠልጥሎ ትንሽ መጠበቅ ብቻ ይበቃል። እርጥበቱ ወጥቶ ማዶ ከደረሰ ክሩ ለሥራው ይሆናል። ቀጭን ክር ከሆነ ሦስት አራት ጊዜ መጎንጎን፣ ብዙ ውሃ ለሚፈልግ እንደ ቲማቲም ላለ ተክል ደግሞ ሁለት ሦስት ክር ማሾለክ ይገባል። ከውሃው እስከ አፈሩ ያለው ርቀት ከአንድ ስንዝር ባይበልጥ መልካም ነው፤ ውሃው ወደ ታች በጎደለ ቁጥር ክሩ የሚያወጣው መጠን ይቀንሳልና።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በአፈሩ ነው። የመጀመሪያ ሙከራዬ የከሸፈው በዚህ ነበር። ከቢቸና አካባቢ የመጣ ዋልካ፣ ማለትም ጥቁር ጭቃማ አፈር፣ ለጤፍ እንዲህ ከተስማማ ለቆስጣዬም ይሆናል ብዬ ጀሪካኑን ሞላሁበት። ዋልካ ውሃውን ስቦ ይይዝና አይለቅም፤ በቅንጣቶቹ መካከል ለአየር የሚሆን ቦታ ስለማይተርፍ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። የዚያው አካባቢ ገበሬ በክረምት ማሳው ላይ ፈሰስ፣ ማለትም የውሃ መውረጃ ቦይ፣ የሚያወጣው ይህን የአፈሩን ጠባይ ስለሚያውቅ ነው፤ እኔ ግን ከማሳው አፈሩን ስወስድ የገበሬውን ዕውቀት ትቼ መጣሁ። በአንጻሩ አሸዋ ሲበዛበት ክፍተቱ ስለሚሰፋ ውሃው ወደ ላይ መውጣት ያቅተውና የላይኛው አፈር ደርቆ ይቀራል። በችግኝ ጣቢያ የተለመደው ድብልቅ ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። ለክር ግን ብስባሹ ከፍ ቢል እመርጣለሁ፤ እኔ ዛሬ የምጠቀመው አንድ እጅ ቀይ አፈር፣ ሁለት እጅ በደንብ የተብላላ ብስባሽና አንድ እጅ አሸዋ ነው። ብስባሹ እንደ ሰፍነግ እርጥበቱን ይዞ አየሩንም ያስገባል።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። አፈሩ ደረቅ ሆኖ ሳለ ክሩን ቀብሮ ከታች ውሃ መሙላት ብቻ አይጠቅምም፤ ደረቅ አፈርና ደረቅ ክር መስመሩን አያስጀምሩትም። ክሩ አስቀድሞ ተነክሮ፣ አፈሩም ከላይ እስኪንጠባጠብ ድረስ አንድ ጊዜ መጠጣት አለበት። አዲስ የተዛወረ ችግኝ ሥሩ ወደ ታች እስኪወርድ አንድ ሁለት ሳምንት ከላይ ትንሽ ትንሽ ውሃ ይፈልጋል። ዩሪያን በታችኛው ውሃ ውስጥ ማሟሟት የሚመክሩ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ውሃው ከላይ ሲተን ጨው የመሰለ ነጭ ቅርፊት በአፈሩ ፊት ላይ እየተወ ይሄዳል፤ ማዳበሪያ ሲጨመርበት ይህ ይብሳል፣ ሥሩንም ያቃጥላል። ያለ ማዳበሪያም ቢሆን በየወሩ አንድ ጊዜ ከላይ ብዙ ውሃ አፍስሶ ማጠብና የወረደውን መድፋት ይገባል።

ለሁሉም ተክል የሚሆን ዘዴም አይደለም። ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠልና እሬት ሥራቸው አልፎ አልፎ መድረቅ ይፈልጋል፤ በክር የተተከሉ እንደሆነ ይበሰብሳሉ። እነዚህን እንደ ወትሮው በእጅ ማጠጣት ይሻላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ወባ ነው። ክዳን የሌለው የቆመ ውሃ በየበረንዳው ማስቀመጥ ማለት ለትንኝ መራቢያ ማዘጋጀት ማለት ነው። በአገራችን ለረጅም ጊዜ የምናውቃት የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትራባው በሜዳ ላይ ባቆረ ውሃ ሲሆን፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ከእስያ የመጣችው ዝርያ ግን ሰው ውሃ በሚያጠራቅምባቸው በርሜልና ጋን፣ በከተማ ውስጥ ትራባለች። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በሌሎች ከተሞችም ተገኝታለች። ባሕር ዳርና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርዱት ቆላማ ወረዳዎች ድሮም ወባን የሚያውቁ ናቸውና ይህ ጉዳይ እንደ ቀላል መታየት የለበትም። ስለዚህ በላይኛውና በታችኛው ዕቃ መካከል ያለው ክፍተት በጨርቅ ወይም በላስቲክ ጥብቅ ሆኖ መታሰር፣ ውሃ መሙያው ቀዳዳም መወተፍ አለበት። የታችኛውን ዕቃ በየሳምንቱ ማየት፣ የትል መልክ ያለው ነገር ከተገኘ ውሃውን ደረቅ መሬት ላይ መድፋት ያስፈልጋል። ብርሃን የሚያሳልፈውን ጠርሙስ በጥቁር ላስቲክ መጠቅለልም ውሃው አረንጓዴ እንዳይሆን ይረዳል።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ደጅ የተቀመጠ ዕቃ በሐምሌ ዝናብ ከላይ ተሞልቶ ውሃው እስከ ሥሩ ይደርሳል። ከአፈሩ በታች አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ በታችኛው ዕቃ ጎን የማፍሰሻ ቀዳዳ ቢበሳ ትርፉ ይወጣል፤ ቀዳዳውም ትንኝ እንዳያስገባ በወንፊት ጨርቅ ይሸፈን። እኔ ከሰኔ እስከ መስከረም የታችኛውን ዕቃ ፈጽሜ አነሣዋለሁ።

ግቢ ላላቸው ሰዎች ሌላ መንገድም አለ፤ ውሃ የሞላ የሸክላ እንስራ በመደብ መካከል እስከ አንገቱ ቀብሮ አፉን መክደን። እንስራው ላብ እያወጣ ውሃውን እንደሚያቀዘቅዝ ሁሉ መሬት ውስጥም ላቡን ለሥሩ ይሰጣል። ይህ በቻይና ከሁለት ሺህ ዓመታት በፊት ጀምሮ የታወቀ ነው። ስለ እርሱ ሌላ ጊዜ ቢጻፍ ደስ ይለኛል።

ለዝግጅት ክፍላችሁ ሁለት ልመና አለኝ። የመጀመሪያው፣ «ጠዋትና ማታ» የሚለው ምክር ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው አንባቢ እንደማይሆን በሚቀጥለው ዕትም እንዲገለጽ ነው። ሁለተኛው፣ ይህ አሠራር ከነሥዕሉ፣ ማለትም ክሩ፣ ክፍተቱ፣ የማፍሰሻው ቀዳዳና ክዳኑ በግልጽ ተለይተው፣ በግብርና ዐምዳችሁ ላይ እንዲወጣ ነው። የሚወጣውም ዝናቡ ባቆመበት በጥቅምት ወይም በኅዳር ቢሆን ይመረጣል። በኅዳር የተተከለ ቆስጣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ለመቆረጥ ይደርሳል፤ ያኔ ደግሞ በገበያው የአንድ እስር ቅጠል ዋጋ ስንት እንደሚሆን የቤት እመቤቶች ሁሉ ያውቁታል። ችግኝ የሚያድሉ መሥሪያ ቤቶችም ከችግኙ ጋር አንድ ክንድ ክርና አንድ ገጽ ሥዕል ቢጨምሩ ወጪው ከችግኙ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው። ሥዕሉን ለማዘጋጀት የሚያስፈልግ ቢሆን በእጄ የሣልኩት አለኝና ለዝግጅት ክፍላችሁ ለመላክ ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ጡረታ የወጣ የባዮሎጂ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ