ባይኖኩላሩን አላውስሽም

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው።

ከጓደኞችሽ ጋር ጋምቤላ ፓርክ ልትሄዱ መሆኑን ሰማሁ። እናትሽ «ሌላ አገር ጠፍቶ ነው?» ብላ አኩርፋለች። እሱን ለእኔ ተይው።

ያን መንገድ በጭነት መኪና ስንት ዓመት ተመላልሼበታለሁ። በደሌን፣ መቱን፣ ጎሬን አልፈሽ ቁልቁል ስትወርጂ ጆሮሽ ይደፈናል። ጅማ ከፍታዋ ከ1,700 ሜትር በላይ ነው፤ ጋምቤላ ከተማ 500 ገደማ። በበጋ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይነካል። ስለ ወባው ሐኪም ሳታማክሪ እንዳትነሺ።

በክረምት አይሞከርም። አንድ ሐምሌ ላይ ጥቁሩ አፈር ጎማዬን ውጦብኝ ከነረዳቴ ሁለት ሌሊት ለቢንቢ ራት ሆነን አድረናል። ሜዳው ያኔ ባሕር ነው። በበጋ ግን ውሃው ሸሽቶ እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ሲቀር፣ አውሬውም ወፉም እዚያው ላይ ይከማቻል። ኮብ የሚሏቸው ጆሯቸው ነጭ የሆነ፣ አጋዘን የሚመስሉ እንስሳት አሉ። ከደቡብ ሱዳን እየተሻገሩ በብዙ ሺህ ይመጣሉ። መጀመሪያ አቧራውን ከሩቅ ሳይ የከብት መንጋ መስሎኝ ነበር። ረዳቴ ሳቀብኝ።

ፓርኩ 4,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አጥር የለውም። ከተማው ካለው ጽሕፈት ቤት ስካውት፣ ማለት የፓርክ ጠባቂ፣ ሳትይዙ እንዳትገቡ። የጸጥታውንም ነገር አስቀድመሽ ጠይቂ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባይኖኩላር የላክሽልኝ ጊዜ «ጡረተኛ ምን ሊያይበት ነው?» ብዬ ስቄ ነበር። በኋላ ቤት መቀመጡ ሲሰለቸኝ ቦዬ ወረድኩ። አዲስ አበባ ስሄድ ሁልጊዜ የማልፈው ረግረግ ነው፤ አንድም ቀን መኪና አቁሜበት አላውቅም። የመጀመሪያ ቀን አንድ ገበሬ «መሬት ልትለካ ነው?» ብሎ ተቆጣኝ። ወፍ ነው የማየው ብለው ጭራሽ አላመነኝም። ባይኖኩላሩን ሰጥቼው ራሱ ካየ በኋላ ነው የተወኝ።

ሦስት ቀን እየዞርኩ ይብራና ጋጋኖ ብቻ አየሁ። ስጠጋ ሁሉም ብር ይላል። በአራተኛው ቀን እግሬን ስላመመኝ በርጩማዬን ይዤ ሄጄ አንድ ቦታ ቁጭ አልኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የወርቅ ዘውድ የደፉ የሚመስሉት ረጃጅሞቹ ወፎች ሁለት ሆነው ከቄጤማው ውስጥ ወጡ። ጉማሬውም አፍንጫውን ብቅ አደረገ። ለካ እስካሁን የማባርራቸው እኔ ነኝ!

ስለዚህ ጋምቤላ ስትደርሱ ሾፌሩን «ንዳ፣ ንዳ» አትበሉት። ሞተሩን አጥፉና ዝም በሉ። መንቆሯ ትልቅ ጫማ የሚመስል አንዲት ግራጫ ወፍ አለች፤ እምብዛም አትታይም፣ እኔም አላየኋትም። ዓሣ ስትጠብቅ ለረጅም ሰዓት ሳትነቃነቅ ትቆማለች አሉ። እሷን የሚያያት እንደ እሷ የቆመ ሰው ይመስለኛል።

ቦዬም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። በአንድ በኩል ባሕር ዛፍ እየገባበት ነው፣ በሌላ በኩል ለጡብ ጭቃው ይቆፈራል። እንግዲህ እስካለ እናየዋለን።

ጅማ ስትደርሱ ሁላችሁም እኛ ጋ ታድራላችሁ፤ ሆቴል ምናምን የሚባል ነገር እንዳልሰማ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቦዬ ይዣችሁ እወርዳለሁ። በርጩማ ለሁላችሁም አለ። ባይኖኩላሩን ግን አላውስሽም፤ የራስሽን ግዢ።

አባትሽ
ጅማ