ስለ ሰደድ እሳት መጋቢት ላይ ሳይሆን አሁን እናውራ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይቺን ደብዳቤ ህዳር ላይ የምጽፍላችሁ ሆን ብዬ ነው። ስለ ሰደድ እሳት በጋዜጣም በቲቪም የሚወራው ሁሌ መጋቢት ላይ ጭሱ ከታየ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሊደረግ የሚችለው ነገር በጣም ትንሽ ነው። አሁን ግን ሳሩ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ብዙ ነገር ማድረግ ይቻላል።

2011ን አስታውሱ። መጋቢት ላይ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቃጠለ፣ ጠፋ ተባለ፣ ሁላችንም ተመስገን ብለን ተረጋጋን፣ ከዛ ሚያዝያ ላይ እንደገና ተነሳና ከበፊቱ ባሰ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ፣ ፈጣሪ ይስጣቸው፣ ያኔ ካሜራውም አብሮ መጣ። ግን እነሱ እስኪደርሱ ድረስ ከእሳቱ ጋር ፊት ለፊት ሲታገል የነበረው የአካባቢው ገበሬ፣ የፓርኩ ጠባቂ ስካውትና የከተማው ወጣት ነው፣ ያውም እርጥብ ቅርንጫፍ ቆርጦ እየደበደበና አፈር እየበተነ፣ አንዳንዱ በኮንጎ ጫማ ገደል ለገደል እየሄደ። ስለነሱ የተጻፈው ግን በጣም ጥቂት ነው።

ጠፋ የተባለ እሳት እንዴት እንደገና ይነሳል ለሚለው፣ እዛ ከፍታ ላይ ያለውን መሬት ያየ ሰው ይገባዋል። የጓሳው ሳር ከስሩ የዓመታት ድርቆሽ ተሸክሞ ነው የሚኖረው፣ ከላይ ነበልባሉ ቢጠፋም ከስር ፍሙ ይቀራል፣ በደረቀ ግንድና በስር ውስጥ ውስጡን እየጨሰ ቀናት ይቆያል፣ ከዛ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ፍሙን ያገኘዋል በቃ። አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው፣ አረንጓዴ ሆኖም ይነዳል። ስለዚህ ነበልባሉን መምታት የስራው ግማሽ እንኳን አይደለም፣ ዋናው ስራ ከዛ በኋላ ያለው ነው፣ የተቃጠለውን ዳር ዳር እየዞሩ ፍሙን መቆፈር፣ አፈር ማልበስ፣ ውሃ ማፍሰስና ለቀናት መጠበቅ። ይሄን የሚሰራው ማነው? ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ፣ እንጀራ ያልደረሰው፣ አበል የሌለው ሰው ነው። ቤቱ ቢገባ ማን ይፈርድበታል?

ሄሊኮፕተሩንም አልጠላም፣ ሊመጣ ይገባል። ግን ሰው ሁሉ ተስፋውን እሱ ላይ መጣሉ ያሳስበኛል። ከ3000 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ነው፣ ሄሊኮፕተር ቆላ ላይ የሚያነሳውን ያህል ውሃ እዛ ላይ አያነሳም፣ ንፋሱም ገደሉም አለ፣ ውሃ የሚቀዳበት ቦታም ቅርብ አይደለም። በዛ ላይ ሀገር አቋርጦ እስኪመጣ በቀን ሊያልቅ ይችል የነበረ እሳት ተራራ ያቋርጣል፣ እሳት ሽቅብ ሲሆን ደግሞ ሩጫው ሌላ ነው።

ይሄ አዲስ ነገር ቢሆን ኖሮ እሺ። ግን 1992ንስ ረሳነው እንዴ? በዛ ድርቅ ዓመት ባሌና ቦረና ላይ የተነሳው እሳት ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ፈጅቷል፣ የዱር ቡና ያለበትን የሀረናን ደን ሳይቀር ነክቷል። ያኔም ነዋሪው በቅጠል ታገለ፣ ያኔም ከደቡብ አፍሪካ ከጀርመን ከአሜሪካ ባለሙያ መጣ፣ በመጨረሻ ግን እሳቱን ያጠፋው በዋናነት ዝናቡ ነው። ከ1992 እስከ 2011 አስራ ዘጠኝ ዓመት ነው፣ አካሄዳችን ግን ያው ሆኖ ነው ያገኘነው፣ መጀመሪያ ጭስ ማየት፣ ከዛ ህዝቡን እሳት እንዲያጠፋ ማስወጣት፣ ከዛ የውጭ ሀገር እርዳታ መጠየቅ፣ ከዛ ሰማይ ማየት።

ምክንያቱን በተመለከተ ብዙ መፈላሰፍ አያስፈልግም። ሌላ ሀገር መብረቅ የሚያስነሳው እሳት አለ፣ እኛ ጋ ግን መብረቅ የሚበዛው ክረምት ላይ ከዝናብ ጋር ስለሆነ በበጋ የሚነሳው እሳት ባብዛኛው የሰው እጅ ነው። ማር ለመቁረጥ የተለኮሰ ጭስ፣ ከሰል ለማክሰል የተተወ ፍም፣ ለእርሻ የሚመነጠር ጫካ፣ እረኛ ብርዱን ሊያሞቅበት ያነደደው። ለከብት አዲስ ሳር እንዲበቅል ብሎ ሆን ብሎ የሚያቃጥልም አለ። ድርቁና ሙቀቱ እየባሰ ሲሄድ ደግሞ ድሮ ትንሽ ነዶ የሚጠፋው እሳት አሁን አይቆምም።

እዚህ ላይ አንድ የማልስማማበት ነገር አለ። ብዙ ሰው መፍትሄው መከልከልና ማሰር ነው ይላል። በቂም ወይ በግዴለሽነት ደን ያቃጠለ ሰው በህግ ይጠየቅ፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። የባሌ ከብት አርቢ ግን አስታውን በየተራ እያቃጠለ ሲያስተዳድር ብዙ ዘመን ኖሯል፣ መቼ እንደሚለኮስና የት ጋ እንደሚቆም ያውቃል፣ አምና የተቃጠለው ቦታ ራሱ የዘንድሮውን እሳት ያቆመዋልና። ይሄ ሰው ጭራሽ እሳት እንዳትነካ ሲባል አስታው አድጎ አድጎ ይገጥማል፣ አንድ ቀን አንድ ሰው በድብቅ ለኩሶ ሲሸሽ ማንም የማያቆመው ይሆናል፣ ለኳሹም እስር ፈርቶ ሮጦ አይናገርም። ጋምቤላ ላይም ሳሩ በየዓመቱ ይቃጠላል፣ መሬቱም ለምዶታል። የስሜን ገደል ግን እንደዛ አይደለም፣ ጽድ ያለበት ደንም እንደዛ አይደለም፣ ጽድ አንዴ ከተቃጠለ ቶሎ አይመለስም። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዓይነት መመሪያ ከአዲስ አበባ መላክ ስራ አይደለም።

ጉዳቱን ሰው የሚያወራው ስለ ዋልያና ስለ ቀይ ቀበሮ ነው፣ ትክክል ነው፣ ዋልያ ከስሜን ውጭ በዓለም የትም የለም፣ እሱ ከጠፋ ጠፋ ነው። ግን ከእሳቱ በኋላ የሚመጣውን ክረምትም አስቡት። ተራራው ራቁቱን ሆኖ ሀምሌ ሲደርስ አፈሩ ወደ ገደል ይወርዳል፣ ዝናቡ ሳይሰርግ ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል፣ በጋ ላይ ምንጩ ይቀንሳል፣ ከታች ያለው ገበሬ እሳቱን ሳያየው ዕዳውን ይከፍላል። ቤት መክደኛ ጓሳ ይጠፋል። ቱሪስት ሲቀር ደግሞ በቅሎ የሚያከራየው፣ አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩ፣ ስካውቱ ሁሉ አብሮ ይቀራል፣ እነዚህ ሰዎች በጦርነቱ ምክንያት ብዙ ዓመት ገበያ አጥተው የቆዩ ናቸው።

እኔ የምለው እንግዲህ ይሄ ነው። ለእሳት የሚወጣው ብር ከጥር በፊት ይውጣ። ከህዳር እስከ ታህሳስ በተመረጡ ቦታዎች ሳሩን ለአካባቢው ሰው አጭዶ እንዲወስድ ይፈቀድለት፣ እሱ ለከብቱና ለጣሪያው ያገኛል፣ እሳቱም የሚበላው ያጣል። ከመንደርና ከእርሻ ወደ ፓርኩ በሚያስገቡ ዳርቻዎች ላይ ሳሩ ተጠርጎ እሳት የሚያቆም ባዶ መስመር ይውጣ፣ የጉልበት ስራ ስለሆነ ለወጣቱም የበጋ ገቢ ነው። በየቀበሌው የሰለጠነና ስሙ የታወቀ ቡድን ይኑር፣ እሳት ከላይ ሳይሆን ከጎን እንደሚያዝ፣ ንፋሱ በሚበርድበት ሌሊትና ንጋት ላይ መስራት እንደሚሻል የሚያውቅ፣ ጫማ፣ አካፋ፣ በጀርባ የሚታዘል ውሃ መርጫ ያለው፣ ሲቆስል የሚያሳክመው ያለ፣ ፍሙን ሲጠብቅ ለሚያድርበት ቀን አበል የሚከፈለው። ማር ቆራጩን ደግሞ ከማሳደድ ዘመናዊ ቀፎና ጭሱን የሚይዝ ማጨሻ መስጠት ይረክሳል።

ሌላው፣ ናሳ ፊርምስ የሚባል ነገር አለ፣ ነፃ ነው፣ ሳተላይት ያየውን እሳት በሶስት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ገደማ ካርታ ላይ ያወጣል፣ ለተመዘገበ ሰው ኢሜይልም ይልካል። ይሄን የሚከታተል አንድ ሰው በየዞኑ መመደብና ስካውቱ ጋ እንዲደውል ማድረግ ምን ያህል ያስወጣል? ደመናና ገደል የሚደብቀው እሳት እንዳለ አውቃለሁ፣ ሰውን አይተካም፣ ግን ያለንን እንጠቀም።

እናንተንም አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጋዜጠኛችሁን አሁን ስሜን ወዳለው ደባርቅና ባሌ ወዳለው ጎባ ላኩት፣ እሳት ሳይነሳ። መጋዘኑ ተከፍቶ ስንት አካፋና ስንት ውሃ መርጫ እንዳለ ቆጥሮ ይጻፍልን፣ ማንቂያው ለማን ስልክ እንደሚደርስ ይጠይቅልን፣ 2011 ላይ የታገሉትን ሰዎችም ያናግራቸው፣ ቃል የተገባላቸው ነገር ካለ ደረሳቸው ወይ ብሎ። መልሱን ከጥር በፊት ብታትሙት የሚመለከተው አካል ገና የሚሰራበት ሁለት ወር ይኖረዋል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ ከጎንደር