ያችን የነሐሴ ማታ ታስታውሳለህ?

ለማልረሳህ ወዳጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ለጤናህ እንዴት ሰንብተሃል? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። እናቴም ደኅና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ነው እምቢ ያላት። ስምህ በተነሣ ቁጥር «ያ ቀጭን ልጅ፣ ልጅ ወለደ ይሆን?» ትለኛለች። ይህን ያህል ዘመን ዝም ያልኩት ኔትወርክ ጠፍቶ፣ መንገድ ተዘግቶ ነው ብዬ ላመካኝ አስቤ ነበር። ግን ያ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። እኔና አንተ የተኳረፍነው ስልኩም መንገዱም ክፍት ሳለ ነው።

ብዕር ያስነሣችኝ የእህቴ ልጅ ናት። አንተ ስትሄድ በእናቷ ጀርባ ነበረች፤ አሁን ስምንተኛ ክፍል ገብታለች። በቅርቡ በትምህርት ቤቶች ውድድር 3 ሺህ ሜትር ሮጣ ሦስተኛ ወጣች፣ ያውም በባዶ እግሯ። በረባሶ ለመንገድ እንጂ ለሩጫ አይሆንማ። ቤት ስትገባ አንድ ጎረቤታችን የጠላ ጣሳውን እንደያዘ «ሦስተኛ ብቻ?» አላት። ልጅቷ ሳቀች። እኔ ግን የገዛ ድምፄን የሰማሁ መሰለኝና እዚያው ደርቄ ቀረሁ።

ነሐሴ 9 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው፣ ጾመ ፍልሰታ። ዝናቡ የሻይ ቤቷን ቆርቆሮ ሲደበድበው ቴሌቪዥኑ አይሰማም ነበር። አንተ ከጨሞጋ ወንዝ በኩል ልምምድህን ጨርሰህ የእግርህን ጭቃ ሳትጠርግ ገባህ። በርሊን ላይ የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና፣ የሴቶች 10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ። ጥሩነሽ ዲባባ በጉዳት የለችም፤ ሰው ሁሉ ዓይኑን የጣለው መሠረት ደፋር ላይ ነው። አንተ ግን «የእኛዋን እዩ» እያልክ ስለ መሰለች መልካሙ ሰበክኸን። በሰኔ ወር ሆላንድ አገር ዩትሬክት ላይ 29:53.80 ገብታ የአፍሪካን ክብረ ወሰን መያዟን፣ በዓለም ከእሷ የፈጠነች በፈረንጅ 1993 የሮጠችው ቻይናዊቷ ዋንግ ጁንሺያ ብቻ መሆኗን፣ ሁሉንም እስከ ሽራፊ ሴኮንዱ በቃልህ ታውቀው ነበር። ባለ ሻይ ቤቷ «የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት?» ብላ ማንቆርቆሪያዋን አስቀምጣ ቆመች።

ከዚያ የመጨረሻው ዙር መጣ። መሠረት ስትመራ ቆይታ መጨረሻው ላይ እግሯ ከዳት፤ መሰለች አለፈቻት። ልትገባ ጥቂት ሲቀራት እጇን አነሣች፣ እኛም አብረናት አነሣን። በዚያች ቅጽበት ኬንያዊቷ ሊኔት ማሳይ ደረቷን አስቀደመች። አንደኛዋ 30:51.24፣ የእኛዋ 30:51.34። ሻይ ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ፤ የአንዳንዱ ሰው እጅ እንደ ተነሣ ቀርቶ ነበር።

ሦስተኛዋን ማን ያያል? አንተ ብቻ። «ውዴ! ውዴ አያሌው! የሰከላ ልጅ!» ብለህ አግዳሚው ላይ ወጣህ። 30:51.95። ሦስቱም አንድ ሴኮንድ ሳይሞላ ተከታትለው ነው የገቡት። «ሁለት የጎጃም ሴቶች ሜዳሊያ አመጡ፤ እናንተ ታለቅሳላችሁ!» ብለህ ጮህክብን። እኔ ወርቁ አንገብግቦኝ አልሰማህም። በማግስቱ ዩሴን ቦልት 100 ሜትሩን በ9.58 ሲጨርስ ዓለም ሌላ ወሬ አላወራም፤ አንተ ግን ያንኑ የግሽ ዓባይ አገር ልጅ፣ የውዴን ነገር። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ልሩጥ ስትል መጀመሪያ የምታመልጠው ከዳሯ ነው ያልከኝም ያን ቀን ነው። ያኔ ሳቅሁ። አሁን የእህቴ ባል ስለ ልጅቷ «ትዳር» ማለት ሲጀምር ትዝ አለኝ። እህቴ ጠንክራ ባትከራከረው ኖሮ ይሄኔ ተድራ ነበር።

አንተ ያን ዓመት ሳይሞላ አዲስ አበባ ወረድክ። ከክለብ ክለብ ተንከራተትህ፣ ቋንጃህ ተጎዳ፣ በሁለት ዓመትህ ተመለስክ። ሰው በተሰበሰበበት፣ እኔም ጣሳ እንደያዝኩ፣ «ሜዳሊያው የታለ?» አልኩህ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ አንተም ሳቅህ። ጠላህን ሳትጨርስ ወጣህ፤ በሳምንቱ አገር ለቀህ ሄድክ ሲሉ ሰማሁ። በ2005 ዓ.ም. የውዴ ታናሽ እህት ሕይወት አያሌው በዓለም አገር አቋራጭ ብር ስታመጣ፣ ልደውልልህ ስልኩን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ፊትህን እያየሁ አፌ እንደማይፈታ አውቀዋለሁና በጽሑፍ ይሁንልኝ፤ በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ።

ልጅቷ ውኃ ከመቅዳቷ በፊት፣ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ተነሥታ ወደ ውሰታ ትሮጣለች። እኔ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ሰዓት እይዝላታለሁ፤ ከዚያ ሌላ የማውቀው የለኝም። ምን ያህል ታሟሙቅ? እግሯን ሲያማት ታቁም ወይስ ትግፋ? ያንተን ቋንጃ እያሰብኩ እፈራለሁ። የእግሯ ቁጥር 37 ነው። ጫማ ላክ ማለቴ አይደለም፣ እኔው እገዛላታለሁ፤ ምን ዓይነት እንደሚሻል ብቻ ንገረኝ።

ስለ አንተ ነግሬያታለሁ። አንድ ወዳጅ ነበረኝ፣ ሯጭ ነበር አልኳት። «በ10 ሺህ ስንት ነበር የሚገባው?» አለችኝ። ያን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን፣ ለካ አንድም ቀን ጠይቄህ አላውቅም። ሰዓትህን ጻፍላት።

ያንተው፣
ከደብረ ማርቆስ