የሮኬት ቧንቧዎችና የአባቴ እጆች

ለአዘጋጁ፦

ባለፈው እሑድ ስለ እንፋሎት ባቡር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ አዝኛለሁ፤ ተቆጥቻለሁም። «ሮኬት» የተባለችው ሎኮሞቲቭ እ.ኤ.አ. በ1829 በእንግሊዝ አገር፣ ሬይንሂል ላይ የተደረገውን ውድድር ያሸነፈችው «ከሁሉም ግዙፍ ስለነበረች» ነው ትላላችሁ። ከየት የመጣ ነገር ነው? ተፎካካሪዋ «ሳን ፓሬይ» ከእርሷ ትከብድ ነበር። ሮኬትን ለ500 ፓውንዱ ሽልማት ያበቃት በሆዷ የያዘቻቸው 25 የመዳብ ቧንቧዎች ናቸው። ከእርሷ በፊት እሳቱ ቦይለሩን (ውኃው የሚፈላበትን ጋን) የሚያቋርጠው በአንድ ወይም በሁለት ሰፋፊ ቱቦዎች ነበር። እርሷ ግን የምድጃዋን ትኩስ ጋዝ ለ25 ከፍላ በውኃው መካከል ስለምታሳልፍ ውኃው ቶሎ ይፈላላታል፤ እንፋሎት አያጥራትም። «የዓለም የመጀመሪያዋ» ያላችሁትም አይሆንም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ትሬቪቲክ እ.ኤ.አ. በ1804 ዌልስ ውስጥ 10 ቶን ብረት በእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ጎትቷል።

ስለ ቧንቧ ይህን ያህል የምከራከረው ያለ ምክንያት አይደለም። አባቴ በድሬዳዋ የምድር ባቡር መጠገኛ የሎኮሞቲቭ ቧንቧ ጠራጊ ነበር። ቦይለሩ ሲቀዘቅዝ በረጅም ዘንግ ላይ የታሰረ የሽቦ ብሩሽ በእያንዳንዱ ቧንቧ እያስገባ ጥላሸቱን ያወጣል። «ቧንቧው ከተደፈነ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል» ይል ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዱ በፊት ጣቶቹን በሎሚ ሲያሽ ትዝ ይለኛል፤ ከጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁረት ግን አይለቅም ነበር።

ጽሑፋችሁ ወደ አገራችን ሲደርስ ምን አለ? «የፈረንሳይ መሐንዲሶች ባቡሩን አዲስ አበባ አደረሱት።» አለቀ! እሳቱን ማን አነደደ? ውኃውን ማን ሞላ? ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ የተቆረቆረችው፣ ባቡር በማየት አዲስ አበባን በ15 ዓመት የቀደመችው ድሬዳዋስ በስም እንኳ መነሣት አነሳት? ሰኞ ዕለት ስልክ ብደውል «ትንሽ ነገር ናት፣ አባባ» ተባልኩ። የአባቴ ዕድሜ ትንሽ ነገር አይደለችም።

እርማቱ በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይውጣልን። በ25ቱ ቧንቧዎች ጀምሩ፤ ከዚያ ድሬዳዋ ብላችሁ ጻፉ።

የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ