ቅዳሜ እንጦጦ ፓርክ ለምንስል አባላት

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ እንጦጦ ፓርክ ጎብኚዎችን እያስቀመጥን በውሃ ቀለም ፖርትሬት እንሠራለን። ከጠዋቱ 2:30 መግቢያው ላይ እንገናኝ፤ ሥራው ከ3:30 እስከ 8:00 ነው።

እያንዳንዳችሁ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወፍራም የኮተን (የጥጥ) ወረቀት በኤ5 የተቆረጠ 12 ቅጠል ያዙ፤ አራቱንም ጠርዝ ቦርድ ላይ በፕላስተር ለጥፉ። ስስ ወረቀት ሲርስ ይጎብጣል፤ ቀለሙም ጎድጓዳው ላይ ተጠራቅሞ ጉንጭ ላይ እድፍ ይተዋል። ክብ ብሩሽ 4 እና 8 ቁጥር፣ ሁለት የውሃ ዕቃ (አንዱ ለማጠቢያ ብቻ)፣ ጨርቅና መቆንጠጫ አትርሱ፤ እዚያ ነፋስ አለ።

ጥላ ውስጥ ተቀመጡ። ፀሐይ ላይ የመጀመሪያው ቅብ ሳይዳረስ ይደርቅና ፊቱን የሚቆርጥ መስመር ያወጣል፤ የተሠራውም ቤት ሲገባ ጠቁሮ ይታያል። ጃንጥላው ነጭ ወይም ግራጫ ይሁን፤ ቀይ ከሆነ ወረቀቱንም ፊቱንም ያቀላዋል።

ለአንድ ሰው 15 ደቂቃ መድበናል፦ 3 ለእርሳስ፣ 5 ለመጀመሪያው ቅብ፣ የቀረው ለማድረቂያ፣ ለጥላና ለዓይን። ለጠይም ፊት በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ) ላይ ጥቂት አሊዛሪን (ጥልቅ ቀይ) ጨምሩ፤ ጥላውን በኡልትራማሪን (ጥልቅ ሰማያዊ) አጥቁሩት። ጥቁር ቀለም ፊትን አመድ ስለሚያስመስል ባይመጣ እመርጣለሁ። ግንባርና የጉንጭ አጥንት ላይ ሰማዩ ስለሚያንጸባርቅ እዚያ በጣም የቀጠነ ሰማያዊ ይበቃል። ሥዕሉን በደንብ ሳይደርቅ በፕላስቲክ አትሸፍኑ፤ ይጣበቃል።

ሕፃናትን ያለ ወላጅ ፈቃድ አንስልም።

የምንወስነው የአንዱን ፖርትሬት ዋጋ ነው፦ 300 ብር ወይስ 400? መምጣታችሁንና ምርጫችሁን እስከ ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት እዚሁ ጻፉልን። ትርፍ ታጣፊ ወንበር ያላችሁም አሳውቁን።