ለአራት ኪሎ ጎረቤቶቻችንና በዚያች ሌሊት ለደረሱልን ሁሉ

ከሁሉ በፊት ልጃችንን ላተረፈልን አምላክ ምስጋና ይድረሰው። ከወባ ድናለች። ሰሞኑን ደረጃው ላይ ስትሯሯጥ የሰማችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። "እንዴት አደረች?" እያላችሁ ስትደውሉ ለከረማችሁ ግን ለየብቻ መልስ መስጠት አልቻልንም፤ ስለዚህ ለሁላችሁም በአንድ ላይ ጻፍን።

ዛንዚባር ለእረፍት መሄዳችንን ታውቃላችሁ። ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ይዞ ደሴት ለደሴት መዞር ምን ይባላል ያላችሁንም አልጠፋችሁም። እኔ ግን ያንን ጉዞ በክፉ አላነሳውም። በተለይ ቻንጉ ደሴት የዋልነውን ውሎ። ከስቶን ታውን፣ ከዛንዚባር አሮጌው ከተማ፣ በጀልባ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። በ1919 እ.ኤ.አ. ከሲሼልስ አራት ግዙፍ ኤሊዎች በስጦታ መጥተው ነበር፤ ዛሬ ግቢው በኤሊ ተሞልቷል። ልጃችን ከእሷ የሚበልጥ ኤሊ ፊት ቁጢጥ ብላ ቅጠል ታጎርሳለች፣ አልበላም ሲላት ትቆጣዋለች። ደሴቲቱ ላይ እስር ቤት ተብሎ የተሠራ ሕንፃም አለ። እስረኛ ሳይገባበት ቀርቶ የቢጫ ወባ ማቆያ ሆኖ ነበር አሉን። እኛ ፎቶ ተነስተንበት አለፍን፤ በሽታ የሚባል ነገር ማን አስቦ!

ጀልባው ከአሸዋው ራቅ ብሎ ስለቆመ ልጃችንን ትከሻው ላይ አድርጎ በውኃው ውስጥ ያሻገረልን ባለ ጀልባ፣ ይህን ባያነበውም፣ አሳንቴ ሳና፣ በጣም እናመሰግናለን።

ትኩሳቱ የመጣው አዲስ አበባ ከገባን ከቀናት በኋላ ነው። መጀመሪያ የወሰድንበት ክሊኒክ "ቶንሲል ነው" ብሎ ሽሮፕ ሰጠን። ትኩሳቱ በረድ ይልና ተመልሶ ያንቀጠቅጣታል። ጡት እንኳ እንቢ አለች።

ሁለተኛው ቦታ ያገኘናት ሲስተር ግን ቴርሞሜትሩን ሳታነሳ "ሰሞኑን ከአዲስ አበባ ወጥታችሁ ነበር?" አለችን። ዛንዚባር ስንላት ቀጥታ ደም ምርመራ ላከችን። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ወባ ደግሞ የቆላ ነገር ነው፤ እዚህ ትኩሳት ያለበትን ልጅ ያየ ሰው ሁሉ ወባ አይታየውም። ትንኟ የምትናከሰው በማታ ነው፤ እኛም ማታ ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ የሸንኮራ ጭማቂ ስንጠጣ ነበር የምናመሸው። ውጤቱ ፋልሲፓረም ሆነ፣ ክፉው ዓይነት። ሲስተር፣ ያቺን ጥያቄ ስለጠየቅሽን ዕድሜ ይስጥሽ።

ከዚያ መድኃኒት ፍለጋ ተጀመረ። በአቅራቢያችን ያለው ፋርማሲ የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም አልነበረውም። የራይዱ ሹፌር "እናንተ ልጅቷን ያዙ" ብሎ ከአራት ኪሎ በራስ መኮንን ድልድይ አድርጎ ፒያሳ ወሰደን፣ እየወረደ ራሱ ጠየቀልን፣ አገኘ። ለቆመበት ሰዓት ገንዘብ ስንሰጠው እሱ ተቆጣን። ወንድሜ፣ ስምህን እንኳ አልጠየቅንህም። የልጅ አባት ነህ መሰለኝ፤ ልጆችህን ያሳድግልህ።

መድኃኒቱ በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ ነው የሚወሰደው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት በኋላ ነው። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልሆነ ደግሞ ሰውነት በደንብ አይወስደውም። የመጀመሪያውን ከምሽቱ 3 ሰዓት ሰጠናት፤ ሁለተኛው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ዋለ። እማማ፣ ያን ሌሊት ገንፎ በቅቤ ይዘው በራችንን ሲያንኳኩ ማን ነገረዎት? እኔ እስካሁን አልገባኝም። ልጅቷ ሦስት ጉርሻ ዋጠች፤ ክኒኑንም በውኃ በጥብጠን አጠጣናት፤ አልተፋችውም። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

የሦስተኛ ፎቅ ወጣቶች፣ መብራት ሲጠፋ ስልካችሁን አብርታችሁ ደረጃ ለደረጃ ስላጀባችሁን አንረሳውም። አጥሚት፣ ብርቱካን፣ ሾርባ ያመጣችሁ፣ ቅዳሜ መጥታችሁ ዝም ብላችሁ አብራችሁን የተቀመጣችሁም ብድራችሁን እግዜር ይክፈል። ጸሎት ያደረጋችሁልን፣ ዱዓ ያደረጋችሁልን፣ ደርሷል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሁለት ፔርሙስ፣ አንድ ሰማያዊ ክዳን ያለው ሳህንና የማን እንደሆነ ያልታወቀ ጋቢ ቤታችን አለ። እሁድ ከሰዓት ቡና ይፈላል። ዕቃ የረሳችሁም ያልረሳችሁም ኑ።